ቅዳሜን የሚበላ ዕዳ

ልጃቸው «ፎቶግራፍ ልማር ነው» ያለቻቸው ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁት «የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?» ብለው ነው። «ስንት ያስከፍላል?» የሚለው የሚመጣው የቅበላው ደብዳቤ ከደረሰና ዘመድ አዝማዱ እንኳን ደስ ያላችሁ ካለ በኋላ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ይህ ቅደም ተከተል ለሌላ ሙያ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ነርስ የተማረችበትን ብድር ከወር ደመወዟ ላይ እየቆረጠች ትከፍላለች፤ የእረፍት ቀኗም የራሷ ሆኖ ይቀራል። ደመወዝተኛ ያልሆነ ፎቶ አንሺ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ከቀኖቹ ላይ ነው። ሠርግ ቅዳሜ ነው፤ ክርስትናውም ምርቃቱም የሚውለው ሰው ሁሉ ከሥራ በሚያርፍበት ቀን ነው። ለዕዳ የተሸጠች ቅዳሜ ማንም ሳያዝ፣ ማንም ሳይከፍል ለሚሠራው ሥራ አትተርፍም። ፎቶ አንሺን ፎቶ አንሺ የሚያደርገው ደግሞ ይኸው ያልታዘዘ ሥራ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲመረጥ ዋናው መለኪያ ከተመረቁ በኋላ ስንት ነጻ ቀን ይተርፋል የሚለው ይመስለኛል። ማመልከቻውም ክፍያውም ከዚህ ጥያቄ መነሳት አለባቸው።

መጀመሪያ ግን ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚሸጥ ይታወቅ። ካሜራ አያያዝ አይደለም፤ የሌንስና የብርሃን ልክ ዛሬ በስልክ መስኮት በነጻ ይገኛል። ሮድ አይላንድ የሚገኘው ስመ ጥሩ የዲዛይን ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አመልካቾቹን ሁሉ ብስክሌት ስላችሁ ላኩ ይል ነበር። ብስክሌት ሁሉም የሚያውቀው ዕቃ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲሞከር ግን ሰንሰለቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ፣ ፔዳሉ ከየትኛው ብረት ጋር እንደተያያዘ ብዙ ሰው ይጠፋበታል። ፈታኞቹ የሚፈልጉት የብስክሌት ሥዕል አልነበረም፤ አመልካቹ በየቀኑ የሚያልፈውን ነገር ቆም ብሎ ማየት አለማየቱን ነበር። ትምህርት ቤቱ የሚሸጠውም ይህንኑ ነው፦ የማየት ጊዜ፣ ሥራህን ፊት ለፊት የሚተች ዓይን፣ እኩያህ ከሆኑ ጓደኞች ጋር መፎካከር፣ ማተሚያ ክፍልና ስቱዲዮ። ከእነዚህ ውስጥ እጅግ ውዱ ጊዜው ነው። አራት ዓመት ጊዜ ገዝቶ ሃያ ዓመት ጊዜ የሚያስከፍል ውል፣ በሙያው ሒሳብ ኪሳራ ነው።

የእኛው የሥነ ጥበብ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ወደ ሥዕል ዞረው ለንደን ተማሩ። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ በሚገኘው የአርት ኢንስቲትዩት ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ፤ በ1950 ዓ.ም. ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት መሠረቱ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምረው በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሩ። የእነዚህ ሰዎች ተሰጥኦ የማይካድ ነው፤ ግን ከተሰጥኦው ጎን አንድ ደረቅ እውነታ አለ። የውጭ ትምህርታቸውን ያስቻላቸው በስማቸው የተጻፈ የባንክ ብድር አልነበረም። ወደ አገር ሲመለሱ በየወሩ የሚጠብቃቸው ክፍያ ስላልነበረ ጉልበታቸውን ትርፍ በሌለው ሥራ ላይ ማዋል ቻሉ። አለ ፈለገ ሰላም በየወሩ ወደ ቺካጎ ዶላር የሚልኩ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ትምህርት ቤት ለመክፈት ሳይሆን የሰው መልክ እየሣሉ ለመሸጥ ነበር የሚገደዱት።

አሁን ወደ አሜሪካው ሒሳብ እንግባ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስማቸው የገነነ የግል የሥነ ጥበብ ኮሌጆች ለትምህርት ብቻ፣ ቤት ኪራይና ምግብ ሳይቆጠር፣ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሰጠውና የማይመለሰው ፔል ግራንት በ2025–26 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው። በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በአራት ዓመት 27 ሺህ ዶላር ነው። የቀረውን ጉድጓድ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ፓረንት ፕላስ የሚባለው ብድር ነው፤ እሱም በወላጅ ስም ይጻፋል፣ ወደ ልጁ ስምም አይዛወርም። ከጁላይ 2026 ጀምሮ አዲስ ለሚበደር ወላጅ ሕጉ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው ለአንድ ልጅ 65 ሺህ ዶላር ወሰን አበጅቶለታል። ቤተሰቡ ሁለቱንም ብድር እስከ ጣሪያው ወሰደ እንበል። የተማሪውን ወለድ 6.4 በመቶ፣ የወላጁን 9 በመቶ ብናደርገው፣ በ10 ዓመት ከፍሎ ለመጨረስ በወር ወደ 1,130 ዶላር ያስፈልጋል፤ በትምህርቱ ዓመታት የሚጠራቀመው ወለድ እዚህ ውስጥ አልገባም። አንድ ሠርግ ከወጪ ቀሪ 600 ዶላር ለጀማሪ ቢተርፈው፣ ለዕዳው ብቻ በወር ሁለት ቅዳሜ ሄደ ማለት ነው። ቤት ኪራዩ ሌሎቹን ሁለቱን ይወስዳል። ሰኞና ማክሰኞ ደግሞ የሠርጉን ሦስት ሺህ ፎቶ በመምረጥና በማረም ያልቃሉ። «ክፍያውን በ20 ዓመት ብንዘረጋውስ?» የሚል ይኖራል። የወላጁ ብድር ብቻውን ወርሃዊ ክፍያው ወደ 585 ዶላር ይወርዳል፤ በጠቅላላ የሚከፈለው ግን ከ140 ሺህ ዶላር ያልፋል። ይህ ሲሆን እናትና አባት ጡረታ ሊወጡበት በሚያስቡበት ዕድሜ ላይ ናቸው።

ይህን ስል ሠርግ ማንሳትን እየናቅሁ አይደለም። ሠርግ እጅን ያፈጥናል፣ ሰው በተጨናነቀበት አዳራሽ ብርሃን መፈለግን ያስተምራል፣ ብዙ ቤትም ያስተዳድራል። ልዩነቱ ሠርግን ወድዶ በመያዝና «አልችልም» ማለት ባለመቻል መካከል ነው። ሥራ የመምረጥ ነጻነት የሌለው ፎቶ አንሺ ከዓመት ዓመት ያንኑ ፎቶ ያነሳል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ባለፈው ዓመት ላየው ዓይነት ፎቶ ነውና።

እንግዲህ ክፍያውን ለመቀነስ አመልካቹ በእጁ ያለው ዋናው መሣሪያ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የገንዘብ ቅጹና ፖርትፎሊዮው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይመስሉታል፤ ቅጹ የአባት፣ ፎቶው የልጅ። በሥነ ጥበብ ኮሌጆች ግን በችሎታ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ሲወሰን ከሚታዩት ነገሮች ዋነኛው ፖርትፎሊዮው ነው። ያ ማኅደር የመግቢያ ትኬት ብቻ አይደለም፤ ገንዘብም ነው። ስለዚህ ሊደከምበት ይገባል። ብዙዎቹ ኮሌጆች ከ12 እስከ 20 ሥራ ይጠይቃሉ። ከእኛ ማኅበረሰብ የሚወጣ ወጣት በቅድሚያ እጁ የሚገባው ጀበና፣ ጥምቀት ላይ የተዘረጋ ጃንጥላና የአያት የተጨማደደ እጅ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ያምራል፤ ሃያው ሲደረደር ግን የፖስታ ካርድ መሸጫ ይመስላል፤ አንሺው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

በአንጻሩ አንድ አመልካች የቤታቸውን ደጃፍ ብቻ አነሳ እንበል። እናቱ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ ጫማዋን የምታወልቅበትን ቦታ፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ጠዋት በዚያው ሰዓት፣ በዚያችው መስኮት ብርሃን። በአንዱ ፎቶ ጫማው በበረዶ ርሶ ውኃው ሊሾ ወለሉ ላይ ተንጣሏል፤ በሌላው ካልሲው ውስጡ ተወትፏል፤ በአንዱ ደግሞ ምንጣፉ ባዶ ነው፣ እናትየው ደብል ገብታ አልተመለሰችምና። እናትየዋ አንድም ቦታ አትታይም፤ ተመልካቹ ግን ከዘጠነኛው ፎቶ በኋላ አካሄዷን ሳይቀር ያውቀዋል። የመምረጡ ሥራ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ፎቶዎቹን በትንሹ አሳትሞ ወለል ላይ መደርደር፣ የሚመሳሰሉትን ሁለት ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ደካማውን ማንሳት፣ ባዶውን ምንጣፍ ቀድሞ ማሳየት ወይስ ዓይን ጫማውን ከለመደ በኋላ ማምጣት እንደሚሻል መሞከር። ባዶው ምንጣፍ መጀመሪያ ላይ ቢገባ ምንጣፍ ነው፤ አሥረኛ ላይ ሲገባ ግን ያስደነግጣል። ይህን ለመሥራት ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ከማመልከት በፊት ሥራውን የሚያሳይበት ቦታ ለፈለገም ናሽናል ፖርትፎሊዮ ዴይ የሚባለው ዝግጅት አለ፤ የኮሌጆች ተወካዮች ተቀምጠው ሥራ እያዩ በነጻ አስተያየት ይሰጣሉ።

ከፖርትፎሊዮው ቀጥሎ መንገዱ ይታሰብ። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ ዜጋው ብቻ ሳይሆን ግሪን ካርድ ያለውም ይሞላል፤ ከድጋፉ ከፊሉ ቀድሞ ለደረሰ የሚሰጥ ስለሆነ ቅጹ እንደተከፈተ መሙላት ነው። በሰሜን ቨርጂኒያና በሞንጎመሪ ያሉት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሁለቱም ሥነ ጥበብ ያስተምራሉ፤ የሰሜን ቨርጂኒያው ራሱን የቻለ የፎቶግራፍ ትምህርት አለው። ለአካባቢው ነዋሪ የዓመት ክፍያቸው ከግል የሥነ ጥበብ ኮሌጅ አንድ አሥረኛ ብዙም አይርቅም። ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ ሪችመንድ ወዳለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወይም ጥሩ ስኮላርሺፕ ወደሰጠ የግል ኮሌጅ መሻገር ይቻላል። የግል ኮሌጅ ሁልጊዜ ይወደዳል ማለትም አይደለም፤ ስኮላርሺፑ ሲቀነስ ከመንግሥቱ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። የሚነጻጸረው የመጨረሻው ቁጥር ነው። ያም ቢሆን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ስኮላርሺፑ ለአራቱም ዓመት ይዘልቃል? በስንት ውጤት ይቋረጣል? ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር እሱስ ይጨምራል? ወረቀት፣ ቀለምና ሃርድ ድራይቭ በማን ኪስ ነው? ካሜራውን በተመለከተ የእኛ ሰው ጥሩ ብልሃት አለው፤ ዕቁብ። ወለድ የለውም፤ ዳኛውና ጸሐፊውም የሚታወቁ ሰዎች ናቸው።

ተቃውሞ አይጠፋም። አንደኛው «ስም ያለው ትምህርት ቤት በር ይከፍታል» የሚለው ነው። ሐሰት አይደለም፤ በተለይ በኮሌጅ ለማስተማር ለሚፈልግ ሰው የማስተርስ ዲግሪው ቦታ ይታያል። ግን ስሙ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ዲግሪ ላይ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምህረቱ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የሠራችው ካላማዙ ከሚባል የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው፤ ወደ ሮድ አይላንዱ ትምህርት ቤት የሄደችው ለማስተርስ ሲሆን በ1997 ጨርሳለች። አዲስ ፎቶ ፌስትን በ2010 የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የያዘችው ዲግሪ በኮሚዩኒኬሽን፣ ትኩረቱም ፊልም ነው። ስም ደግሞ ዋስትና አይደለም። ሳንታ ባርባራ የነበረው ብሩክስ የፎቶግራፍ ኢንስቲትዩት በ2016 ተዘጋ። ፎቶ አንሺው አንሰል አዳምስ የፎቶግራፍ ክፍሉን ያቋቋመለት የሳን ፍራንሲስኮ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት በ2022 ማስተማር አቆመ። ፊላደልፊያ የነበረው የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ በጁን 2024 የአንድ ሳምንት ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ በሩን ዘጋ። እዚሁ ዋሽንግተን ኮርኮራን የተባለው የሥነ ጥበብ ተቋም ራሱን ችሎ መቆም አቅቶት በ2014 ትምህርት ቤቱ ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በግል ባንክ የተወሰደ ብድር አብሮ አይዘጋም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም ተማሪውን ሲያታልል የፌዴራሉን ብድር የሚሰርዝ ሕግ ቢኖርም መልሱ በዓመታት ሊዘገይ ይችላል፤ አርት ኢንስቲትዩትስ ይባል የነበረው ሰንሰለት ለተማሩ 317 ሺህ ሰዎች 6.1 ቢሊዮን ዶላር የተሰረዘው በ2024 ነው፤ ከእነሱም ገና በ2004 የተመዘገቡ ነበሩበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላኛው ጫፍ ይመጣል፤ «እንዲያውስ ትምህርት ቤት ለምን?» የሚል። አዲስ አበባ ውስጥ ሙያው ለረጅም ዘመን የተላለፈው በፎቶ ቤት ነው። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎቹ የቦያጂያን ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ አወራርሰውታል፤ ከእነሱ በኋላም በየፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከጌታው ጎን ቆሞ የተማረው ብዙ ነው። ለዚህ ክርክር ክብር አለኝ፤ ግማሹን መንገድም አብሬው እሄዳለሁ። ፎቶ ቤት ግን ደንበኛ የሚፈልገውን ያስተምራል፤ ደንበኛ ያልጠየቀውን ለማየት የሚያስገድድ ሰው የሚገኘው በአብዛኛው ክፍል ውስጥ ነው። ሚካኤል ጸጋዬ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት የተመረቀው በሥዕል ነበር፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ወደ ካሜራ ዞረ። ብሩሹን ሲያስቀምጥ ዓይኑን ይዞ መሄዱን ፎቶዎቹ ያሳያሉ። እንዲህ ዓይነት ዓይን በትችት ይሰላል፤ ትችት ግን በርካሹም በውዱም ትምህርት ቤት አለ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ያለ አንድ ጨካኝ መምህር፣ ስሙ የገነነ ኮሌጅ ውስጥ ካለ አመስጋኝ መምህር ይበልጣል።

ሦስተኛው የወላጆች ነው፦ «ፎቶ እንጀራ አይሆንም፤ መጀመሪያ ደህና ነገር ተማሪ።» ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ መሠረትም አለው። እኔ ግን እንጀራ የሚያሳጣው ፎቶው ሳይሆን በፎቶ ላይ የተጫነው ብድር ነው እላለሁ። ዕዳ የሌለበት ፎቶ አንሺ ሳምንቱን በከፊል ሌላ ሥራ ሠርቶ፣ የሚፈልገውን ሠርግ መርጦ፣ ቀሪውን ለራሱ ማዋል ይችላል። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ከሙያው ከሚከለክላት ከዕዳው ቢከለክላት ይሻላል። ፓረንት ፕላስ ላይ አለመፈረም ቅጣት አይደለም፤ ምናልባት ለሙያዋ የሚሰጣት ትልቁ ስጦታ ነው።

የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤዎቹ በየካቲትና በመጋቢት ሲመጡ አባት፣ እናትና ልጅ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጡ። ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ስኮላርሺፑንና ግራንቱን ቀንሰው የቀረውን ብድር ወደ ወርሃዊ ክፍያ ይለውጡት፤ ክፍያውን ደግሞ ወደ ቅዳሜ። ከደብዳቤዎቹ ጎን የቀን መቁጠሪያ ይዘርጉና የተሸጡትን ቅዳሜዎች በእስክሪብቶ ያጥቁሩ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሻል የሚወስኑት ከዚያ በኋላ፣ ባዶ የቀሩትን ቀኖች ቆጥረው ይሁን።