ዋቱ ሲወርድ

ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው ሲግናሉን ወይም የተጠቃሚውን ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያ) ከስዊቹ የሚስበውን ዋት ነው። የፍጆታ ክትትል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከፍ ያለውን ቁጥር ማደን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ዝቅ ያለው ነው።

ኮርኒስ ላይ የተሰቀለው መሣሪያ ዳታም ኃይልም የሚያገኘው በአንዱ የኔትወርክ ኬብል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 802.3ኤኤፍ ስታንዳርድ ለአንድ ፖርት 15.4 ዋት ይፈቅዳል፤ ለመሣሪያው የሚታሰብለት ግን 12.95 ብቻ ነው፤ ቀሪው ለኬብሉ ብክነት የተተወ ነው። በ2009 የመጣው 802.3ኤቲ ደግሞ 30 ሰጥቶ 25.5 ያደርሳል። ስለዚህ የስዊቹ ንባብና የመሣሪያው ማኑዋል ባይገጥሙ አያስደንቅም።

የተመደበና የተሳበ ኃይልም ይለያያሉ። 370 ዋት በጀት ያለው ስዊች ለየፖርቱ 30 ዋት እንዲመድብ ከተደረገ 12 መሣሪያ ላይ ይሞላል። እነዚያ 12ቱ የሚስቡት ግማሹን እንኳ ባይሆንም 13ኛው ኃይል ይከለከላል። (የሚያናድደው ደግሞ መደበኛው የኤስኤንኤምፒ የክትትል ሰንጠረዥ የስዊቹን ጠቅላላ ፍጆታ እንጂ የየፖርቱን ዋት አለመያዙ ነው። እሱን ለማግኘት የአምራቹን የራሱን ሰንጠረዥ መቆፈር ያስፈልጋል።)

አክሰስ ፖይንት ብዙውን ኃይል የሚበላው ነቅቶ ለመቆየት ነው። ሰው ሲበዛበት ትንሽ ይጨምራል፣ ማታ ትንሽ ይቀንሳል፤ ግራፉ ለስላሳ ነው። ከ17 ዋት ወደ 12 በአንዴ ወርዶ እዚያው የቀረ መስመር ሳይ ግን ሰው ስለቀነሰ ነው አልልም። መሣሪያው የሚበቃውን ኃይል ስላጣ አንዳንድ አንቴናዎቹን ዘግቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ የዋይፋዩ ስም ይታያል፣ ፒንግም ይመልሳል። ተጠቃሚው ግን «ዋይፋይ አለ፣ ግን አይሠራም» ይላል።

እንዲህ ያለው ነገር በብዛት የሚታየው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። መሣሪያው ተጨማሪ ኃይል የሚጠይቅበትን ኤልኤልዲፒ አንዱ ባለሙያ ከፍቶ ሴቭ ሳያደርግ ሄዷል እንበል። ስዊቹ ሲነሳ ወደ አሮጌው ቅንብር ይመለሳል፤ አክሰስ ፖይንቱም በዝቅተኛው ይቀራል። ግራፉ ከሌለ ይህን ለማግኘት ኬብል ስንፈትሽ፣ ቻናል ስንቀይር እንከርማለን።

ጠቅላላው ድምር የሚጠቅመኝ ለዩፒኤስ ነው። 12 መሣሪያ በ12 ዋት ሲሰላ፣ ስዊቹ ራሱ የሚበላውን ሳይጨምር፣ 144 ዋት ከባትሪው ይሄዳል። የአክሰስ ፖይንቱን ሬዲዮ ብቻ መዝጋት ብዙ አያተርፍም፤ ፖርቱን መዝጋት ይሻላል። ጀነሬተሩ ካልተነሳ መጀመሪያ የማጠፋው የስብሰባ አዳራሹን ነው፣ ቀጥሎ ካፌውን፤ የገንዘብ ተቀባዮቹን መጨረሻ ላይ። የሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ተራው የት እንደሆነ ግን ከአስተዳደር ጋር ገና አልተስማማንም።