ሁለት ቤት ለጀማሪ

ወደ ላስታ የሚመደብ አዲስ መምህር ከሻንጣው ጋር አንድ ምክር ይዞ ይመጣል፦ «በራስህ ተማመን፣ አትፍራ»። ኮሌጅ ይሰጡታል፣ ቤተሰብ ይደግምለታል፣ ርዕሰ መምህሩም እጁን ጨብጦ ያንኑ ይለዋል። በዚህ ምክር ፍርሃቱ የለቀቀው መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም። እንዲያውም ይብስበታል፤ «አትፍራ» ተብሎ መፍራቱ ራሱ ያሳፍረዋል።

ጀማሪዎችን የመደገፍ ሥራ ከተሰጠኝ ወዲህ የተረዳሁት፣ ይህ ፍርሃት ሰው ፊት ሳይቆሙ የሚወጣ አለመሆኑን ነው። ቆመው ነው የሚያወጡት፤ ያውም በትንሽ በትንሹ፣ የሚያርም ሰው ባለበት። የእኛ የሥልጠና ጽሑፎች ይህን ብዙም አያነሱትም። ቅኔ ቤት ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል።

ወደ ቅኔ ቤቱ ከመሄዴ በፊት ስለ ትንፋሽ ልናገር። ቆቦ ያደገ ልጅ የኖረው 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ የተመደበው ደግሞ ከዚያም በላይ ይወጣል፤ ተራራው ራሱ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ልጁ ዳገቱን ጨርሶ ደወል ሲደወል በቀጥታ ክፍል ይገባል። ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ በጠዋቱ ብርድ ጣቱ ጠመኔ አልይዝ ይለዋል። ይህን ሁሉ ፍርሃት ነው ብሎ ይደመድማል። ግማሹ ግን ዳገቱ ነው! ስለዚህ ለቆላ ልጆች የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ምንም ረቂቅ ነገር የለበትም፦ ቀደም ብለህ ድረስ፣ ተቀመጥ፣ እጅህን አሙቅ፣ አየሩን ከምታስገባበት ጊዜ ረዘም አድርገህ አስወጣ።

የቀረው ግማሽ እውነተኛ ፍርሃት ነው። ጀማሪው ይህ ፍርሃት ግንባሩ ላይ የተጻፈ ይመስለዋል። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈትሸውታል። ንግግር ያደረጉት ሰዎች ፍርሃታቸው አድማጭ ካየው በላይ የታየባቸው መስሏቸው ተገኘ። ይህንን አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች ደግሞ ካልተነገራቸው የተሻለ ተናገሩ። እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ክፍለ ጊዜውን ስጨርስ «ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አዩት?» የሚለኝ አይጠፋም። አላየሁም። ልጆቹም አላዩም፤ እነሱ የያዙት የራሳቸውን ጥያቄ ነው። ይቆጣል ወይ? ማስታወሻ ያጽፋል ወይ? ፈተናው ከባድ ነው ወይ?

አሁን ወደ ቅኔ ቤቱ። ዋድላ ከእኛ ሲታይ ከመቄት ማዶ ነው፤ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ አገር። እዚያ የገባ ተማሪ ግሡንና አገባቡን እየተማረ መጀመሪያ የሚቀኘው ጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ይመጣሉ፣ ሦስት ሦስት ቤት። ዋዜማ አምስት ቤት ነው፣ ሥላሴ ስድስት፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። በገባ ማግስት መወድስ አምጣ የሚባል ተማሪ የለም። ቀን ከሰው ተለይቶ፣ ጥግ ይዞ ይቆጥራል፤ ከዚያ ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ሲነግር ጓደኞቹ ይሰማሉ። ካበላሸ ይታረማል፣ አንዳንዴም ይሳቅበታል፣ በማግስቱ ሌላ ሁለት ቤት ይዞ ይመጣል። በዚህ ያለፈ ሰው ለበዓል ሊቃውንቱ በተሰበሰቡበት ሲቀኝ ልቡ አይመታም አልልም። ይመታል። ግን ያንን የልብ ምት ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እንግዳ አይሆንበትም።

ቅኔ ቤትን አሳምሬ መሳል አልፈልግም፤ ኩርኩምና አርጩሜም ነበረበት፣ ፈርቶ ጠፍቶ የቀረም ተማሪ ሞልቷል። እኔ የምወድለት ቅደም ተከተሉን ነው። ተማሪው ሰው ፊት የሚቆመው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው፤ የሚሸከመው ግን የሚችለውን ያህል ብቻ ነው።

እኛ ጋ ተገላቢጦሹ ይደረጋል። ጀማሪው በመጀመሪያ ቀኑ መወድስ አምጣ ይባላል፦ ሙሉ ክፍለ ጊዜ፣ ጢም ያለ ክፍል፣ ብቻውን። ቀጥሎ የሚያገኘው ሰው ቅጽ ይዞ ከኋላ የሚቀመጥ ተመልካች ነው። በወረቀት ላይማ የትውውቅ መርሐ ግብር አለ፤ አዲሱ መምህር ለሁለት ዓመት ከነባር አማካሪ ጋር እንዲሠራ ይጠበቃል። በተግባር ግን ማኅደሩ በፊርማ ይሞላል እንጂ ነባሩና ጀማሪው አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚቆሙበት ቀን ጥቂት ነው።

ስለዚህ እኔ ጀማሪውን መጀመሪያ ወደ ራሴ ክፍል አስገባዋለሁ። ሥራው ስም መጥራት ብቻ ነው። ንቀት የሚመስለው አለ፤ ግን አስቡት፣ ሰው ፊት ቆሞ የገዛ ድምፁን ይሰማል፤ ከየወንበሩ የሚመለስለት «አቤት» ድምፁ ኋላ ድረስ መድረሱን ይነግረዋል። የልጆቹን ስምም ይይዛል፤ በስሙ የተጠራ ተማሪ ደግሞ ብዙም አያስቸግርም። በሌላ ቀን አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይሠራል፣ ይቀመጣል፤ እኔ እቀጥላለሁ። ከዚያ አንድ ጽንሰ ሐሳብ፣ ከዚያ የክፍለ ጊዜው ግማሽ። ሙሉውን ሲይዝ እኔ እወጣለሁ። በየቀኑ መጨረሻ አንድ ነገር ብቻ አርማለሁ። አምስት ስህተት አይቼ ቢሆንም አንዱን፤ አምስቱን ከነገርኩት ነገ ሲቆም አምስቱን ሲጠብቅ ትምህርቱ ይጠፋዋል።

ሙሉውን ንግግር በቃል መያዝን እከለክላለሁ። የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ካመለጠው ተከትሎ ሁሉም ይናድበታል። የመክፈቻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ይያዛቸው፤ አእምሮው እስኪረጋ አፉ ሥራውን ይጀምራል።

እጁ ላይ አንድ ነገር ቢይዝም ጥሩ ነው። ይህን የተማርኩት ከከተማችን ከላሊበላ አስጎብኚዎች ነው። ገና ፈቃዱን ያወጣ ወጣት አስጎብኚ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ሲቆም ለእንግዶቹ ስለ ራሱ ብዙም አያወራም። ወደ ታች ያመለክታል። ከአናቱ ወደ ታች የተፈለፈለ፣ 12 ሜትር ያህል የሚጠልቅ፣ መስቀል ቅርጽ ያለው ሕንፃ እያለ እሱን ማን ያየዋል? ዓይን ሁሉ ወደ ድንጋዩ ሲዞር እሱ ይተነፍሳል። መምህሩም ስለ አለት ዓይነቶች የሚያስተምር ከሆነ ላስታ ውስጥ ድንጋይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ አንዱን አንስቶ ይግባ፣ ከእጅ ወደ እጅ ያዙረው፣ «ምን ታያላችሁ?» ይበል። የልጆቹ ትኩረት ከመምህሩ ፊት ላይ ይነሣል። መርጃ መሣሪያ ለተማሪው ነው ሲባል ነው የሰማነው፤ ጀማሪውን መምህር ግን ቀድሞ ይረዳል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጸጥታው ነው። ጀማሪው ይጠይቃል፣ መልስ የለም፣ ደንግጦ ራሱ ይመልሳል፤ ይህ ከተደጋገመ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ዕቅዱ ያልቅበታል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ጥናቶች መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ በፈቃዳቸው የሚመልሱትም በዙ። ላስታ ውስጥ ሌላም ምክንያት አለ። እዚህ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለቱ ጨዋነት ነው፤ ከቤቱ የተማረው ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ መምህር ግን ንቀት ወይም አለማወቅ አድርጎ ይወስደዋል። ጠይቅና ሰሌዳውን ቀስ ብለህ ጥረግ እላለሁ። ጠርገህ ስትዞር አንድ እጅ ወጥቶ ታገኛለህ፤ ካልወጣም ጥያቄውን ጎን ለጎን ተነጋገሩበት በላቸው። ለመምህር ያልተናገረ ልጅ ለወንበር ጓደኛው ይናገራል።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንግሊዝኛው ይጨመራል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እሱ ነው። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከቱሪስት ጋር መንገድ ላይ ሲያወራ ያደገ ልጅ አይጠፋም፤ አነጋገሩ ከመምህሩ ይፈጥናል። ይህ ልጅ ፊት ለፊት ሲቀመጥ የስንቱ ምላስ ተሳስሯል። እኔ ግን ልጁ ከፍ ባለ ድምፅ እንዲያነብ አድርጉት ነው የምለው። እሱ አነጋገሩን ይዟል፤ ፎቶሲንተሲስን የያዘው መምህሩ ነው። (በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲመጣ እፎይ ያለ መምህር ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ሲያስተምር እሱ ጥግ ይዞ ይቆም ነበር። መብራት በጠፋ ቀን ግን ያው ክፍል፣ ያው ዓይን ይጠብቀው ነበር።)

ዕድሜም አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ ትምህርት ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲህም ሰላሙ እንደተፈለገው አልሆነም። በመካከሉ ዓመት ያመለጠው፣ ከመምህሩ ብዙም የማያንስ ተማሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አንዲት ወጣት መምህርት እንዲህ ያሉትን ልጆች «አንተ» ማለት እየከበዳት ድምፅዋ ሲጠፋ አይቻለሁ። የረዳት ነገር ቀላል ነበር፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ዕቃ የማከፋፈሉን ኃላፊነት ለእነሱ ሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ ክፍሉን የሚያረጋጉት እነሱ ሆኑ።

ከተማሪ ፊት ይልቅ የሥራ ባልደረባ ፊት መቆም ይከብዳል። የጉድኝት ማዕከሉ ስብሰባ ላይ ተሞክሮህን አቅርብ ሲባል ከፊት የተቀመጡት ከፍተኛ መምህርና መሪ መምህር ናቸው፤ ጀማሪው በደረጃው መሰላል ታች ነው። ስለዚህ ራሱን ለመከላከል በትርጉም፣ በዓላማ፣ በአስፈላጊነት ይጀምራል፤ አዳራሹ ያዛጋል፣ እሱም ማዛጋቱን አይቶ ይብስ ይደነግጣል። እኔ የምመክረው ከአንድ ተማሪ ደብተር እንዲጀምር ነው። ስሙን ሸፍኖ፣ ስህተቱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ «ይህን ልጅ እንዴት ልርዳው?» ብሎ ነባሮቹን ይጠይቅ። ሊገመግሙት የተዘጋጁት ሰዎች ወዲያው መምከር ይጀምራሉ፤ መምህር መምከር ይወዳል። ከፊት ወንበርም አንድ ወዳጅ ይቀመጥለት፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ እሱ ይጠይቅ፤ አስቀድመው ቢነጋገሩበትም ነውር የለውም።

ዘንድሮ በዚሁ ስብሰባ ላይ ለጀማሪዎች አምስት አምስት ደቂቃ እንዲመደብ ጠየቅሁ። ከነባሮቹ አንዱ አምስት ደቂቃ ለምን ይበቃል ብለው ተከራከሩኝ፤ የተለመደው ሃያ ነው። ለሁለት ቤት ይበቃል አልኳቸው። ሃያውን ራሳቸው ሲጠይቁ እንሰጣቸዋለን።