አድማጩ ስዊች፦ የአርኤፍሲ 4541 ዳሰሳ

የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ የሆነው አርኤፍሲ 4541 እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ስዊቾች የመልቲካስት (ከአንድ ላኪ ለብዙ ፈላጊዎች የሚላክ ሥርጭት) ጥያቄና መልስ ማድመጥ ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ስለዚህ ክሪስተንሰን፣ ኪምቦልና ሶለንስኪ ያዘጋጁት ሰነድ አዲስ ሕግ አልደነገገም። አምራቾች በየፊናቸው ሲሠሩት የኖሩትን ሰብስቦ መልክ ለማስያዝ የሞከረ፣ ለመረጃ ያህል የወጣ ጽሑፍ ነው።

ተራ ስዊች መልቲካስት ሲደርሰው ፈላጊውን ስለማያውቅ በሁሉም ፖርት ይበትነዋል፤ የቴሌቪዥን ሥርጭቱ ፕሪንተሩ ዘንድ ሳይቀር ይደርሳል። ስኑፒንግ የሚባለው የማድመጥ ችሎታ ያለው ግን በኮምፒውተሮቹና በራውተሩ መካከል የሚመላለሰውን የአይጂኤምፒ (የሥርጭት አባልነት ማስታወቂያ) መልእክት አድምጦ ለጠየቀው ፖርት ብቻ ያስተላልፋል። የኔትወርኩ ሁለተኛ ንብርብር ዕቃ የሆነው ስዊች የሦስተኛውን ንብርብር (የአይፒን) ደብዳቤ ከፍቶ ማንበቡ ከሥርዓት መውጣት ነው። ጸሐፊዎቹ ይህን አልሸፋፈኑም።

የሰነዱ ጉልበት ዝርዝሩ ላይ ነው። በአይጂኤምፒ ሁለተኛ ስሪት አንድ ኮምፒውተር የጎረቤቱን የአባልነት መልስ ከሰማ የራሱን ይተወዋል። መልሱ ለሁሉም ከተበተነ ዝም ያለው አባል በስዊቹ መዝገብ ሳይገባ ይቀርና ሥርጭቱ ያመልጠዋል። ሰነዱ መልሱ ወደ ራውተር ፖርቶች ብቻ ይሂድ የሚለው ለዚህ ነው። ከአይጂኤምፒ ውጭ በ224.0.0 ወደሚጀምሩ አድራሻዎች የሚላኩት ደግሞ በሁሉም ፖርት ይለፉ ይላል፤ ብዙ መሣሪያዎች ለእነዚህ አድራሻዎች አባልነት አያስመዘግቡምና። የመንገድ መረጃ የሚለዋወጡት የኦኤስፒኤፍ ራውተሮች የሚነጋገሩበትን 224.0.0.5 ያፈነ ስዊች ምን እንደሚያስከትል የኔትወርክ ባለሙያ አያጣውም።

ብርታቱ ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። ማንም ያልተመዘገበበት ሥርጭት ወደ ራውተር ፖርት የግድ ይሄዳል፤ ወደ ሌሎቹ ፖርቶች መበተን አለመበተኑ ለአምራቹ ተትቷል። ሰነዱን ያከበሩ ሁለት ስዊቾች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተቃራኒ ጠባይ ሊያሳዩ ይችላሉ ማለት ነው። ከዚህ የከፋው ራውተር የሌለበት ኔትወርክ ጉዳይ ነው። አባልነትን የሚጠይቀው ራውተሩ ስለሆነ፣ ጠያቂ ከሌለ መልስ አይኖርም፤ በተለመደው አቆጣጠር 260 ሴኮንድ ሲያልፍ አባልነቱ ይሰረዝና ምስሉ ይቆማል። የሆቴል ቴሌቪዥን ወይም የካሜራ መስመር የሚዘረጋ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሰነዱ በራውተሩ ፈንታ ስለሚጠይቅ ስዊች (ኳሪየር) የሚለው ጥቂት ነው።

በመጨረሻ የቀረበው የአምራቾች መጠይቅ የመላሾቹን ስም ስለደበቀ ለገዢ አይጠቅምም፤ ዛሬማ ጊዜው አልፎበታል። ሁለተኛውን ክፍል ግን ሳታነቡ ስዊች አትግዙ፤ ሻጩንም ‹‹ኳሪየር አለው ወይ?›› ብላችሁ ጠይቁ።