ቋንቋ የማያውቁ ባለ ሦስት ቋንቋዎች

«ልጁ ቋንቋ ይችላል» ይባላል በእኛ አገር። የትኛውን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግሊዝኛ ማለት ነው፣ ይታወቃል። ኦሮምኛ፣ ስልጥኛና አማርኛ እያፈራረቀ ቀኑን ሙሉ ሲሸጥ የሚውለው የመርካቶ ነጋዴ «ቋንቋ የለውም»። በየሁለት ቃሉ መሀል «አክችዋሊ» የሚሰነቅረው ጎረምሳ ግን አለው። «እንትናን ይዘኸው ሂድ፣ እሱ ቋንቋ አለው» ሲባል እንሰማለን። ንብረት ነው እንግዲህ፣ እንደ ቤትና እንደ መኪና። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ስለ ቃላት ጉልበት ብዙ ለፍልፌያለሁ፤ የዚህችን ያህል ሰውን ከሰው የምታበላልጥ ቃል ግን እምብዛም አላጋጠመችኝም።

እስቲ ሽሮ ሜዳ እንውጣ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አጠገብ፣ ነጠላው፣ ጋቢውና የሀበሻ ቀሚሱ ከሚሰቀልበት ገበያ ጀርባ፣ በየጠባቡ ቤት የሽመና ጉድጓድ አለ። እዚያ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ የመጡ ወይም ከመጡት የተወለዱ ናቸው። (የአዲስ አበባ ሰው ሸማኔውን ሁሉ በጅምላ «ዶርዜ» ይለዋል። ዶርዜ ግን ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ነው እንጂ የሙያ ስም አይደለም።) አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው። ጋሞኛ ከኦሞቲክ ወገን፣ አማርኛ ከሴማዊ ወገን ነው፤ በዝምድና ከሄድን ለአማርኛ ከጋሞኛ ይልቅ ዐረብኛ ይቀርበዋል። ስለዚህ በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ ዘመድ ይዞት መጥቶ ትምህርት ቤት ሳይሆን ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ላስቀመጠው ልጅ፣ አማርኛ የለየለት የውጭ ቋንቋ ነበር። መጽሐፍ የለ፣ መምህር የለ። ክር እያጠነጠነ፣ ደንበኛ በዋጋ ሲነታረክ እየሰማ ለመደው። ቀጥሎ ቱሪስቱ መጣና የሦስተኛውን ቋንቋ ሀ ሁ ቆጠረ።

አንድ የማውቀውን ሸማኔ እንግሊዝኛውን ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። ዕድሜው ከእኔ ጥቂት ቢያንስ ነው። አንዲት ፈረንጅ ጋቢ አንሥታ ስታገላብጥ፣ ፈትሉ የእጅ መሆኑን፣ ጥለቱ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ እንዳለበት፣ በመጨረሻም ከዚህ ዋጋ ንቅንቅ እንደማይል 20 በማይሞሉ ቃላት ሲያስረዳት ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ግሥ ብሎ ነገር የለም፤ ሽያጩ ግን ተሳካ። «እንግሊዝኛ?» አለኝ ተገርሞ። «ኧረ እኔ ቋንቋ የለኝም ጋሼ። የምታውቀውስ እሷ ናት» ብሎ ልጁን አሳየኝ። ልጅቷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፈረንጇ ከፍላ እስክትሄድ ድረስ ከተሰቀሉት ቀሚሶች ኋላ ቆማ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በጋሞኛ የሁለተኛ መደብ ነጠላ ተውላጠ ስም ጾታ አይለይም፤ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው። እንግሊዝኛም እንደዚያው። በዚህ የተነሣ ከጨንቻ የመጣው ሰውና ከኦሃዮ የመጣው ሰው አማርኛ ሲጀምሩ ሁለቱም «አንተ»ና «አንቺ» ላይ ይሰናከላሉ። ስሕተቱ አንድ፣ ምክንያቱም አንድ። የእኛ መልስ ግን ሁለት ነው። ፈረንጁ ጢሙ የተንዠረገገ ዘበኛ አስቁሞ «እንዴት ነሽ?» ሲለው በደስታ እንፈነድቃለን። «ጎበዝ! አማርኛ ይችላል!» እንላለን። ቡና እንጋብዘዋለን፤ ቴሌቪዥን ይጋብዘዋል። ሸማኔው እዚሁ ከተማ 30 ዓመት ኖሮ፣ ግብር ከፍሎ፣ ልጅ አሳድጎ ያችኑ ስሕተት ሲደግማት ግን የቀልድ ማሟሻ ትሆናለች። ስንቱ የመድረክ ቀልደኛ ነው እንጀራውን በዚህ ምጣድ የጋገረው? «የገጠር ሰው» ሆኖ መተወን ማለት አንደበትን ማጣመም ማለት የነበረበት ዘመን ረጅም ነው፣ አሁንም ጨርሶ አላለፈም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። ሳቃችን ግን ሕገ መንግሥቱን አላነበበም።

ይኸው ሳቅ ነው ትምህርት ቤት የገባው። በሰው አማርኛ መሳቅ የለመደ ልጅ፣ በእንግሊዝኛው እንደሚሳቅበት አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ አፉን አይከፍትም። የእንግሊዝኛችን ጣጣ ሲነሣ የመምህራን ድክመትና የመጽሐፍ እጥረት ይጠቀሳሉ፤ ሁለቱም አሉ። ሳቁን የሚቆጥር ግን የለም። እስቲ ዘመኑን እናስላው። የምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተበት ከ1900 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ እስከ ጣሊያን ወረራ ቀዳሚው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ለገሃር ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቋንቋ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ያዘ። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ አንደኛ ደረጃውን ተረከበ፤ በ1986ቱ ፖሊሲ የየአካባቢው የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ገቡ። ሁለተኛ ደረጃውና ዩኒቨርሲቲው ግን ከእንግሊዝኛ እጅ አልወጡም። ይህን ሁሉ ዘመን ተምረን፣ አብዛኛው ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለ ፍርሃት የሚላት ዓረፍተ ነገር አንዲት ናት፤ «ሜይ አይ ጎ አውት»። ከክፍል መውጫ!

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የመጣውን «ፕላዝማ» የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ በተሰቀለ ስክሪን፣ በሳተላይት የሚተላለፍ የእንግሊዝኛ ትምህርት ነበር። መምህሯ ከስክሪኑ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሰኮንድ ትጠብቃለች፤ ክፍሉ እርጭ ይላል፤ «ዌል ደን!» ትላለች። እኔ ከዚህ የተሻለ ቀልድ የጻፈ ኮሜዲ ደራሲ አላውቅም። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ዝም በማለቱ ይመሰገን ነበር። ከዚያ ክፍል የወጡትን ኋላ ተቀብዬ አስተምሬያለሁ። ስናገር ውዬ የማይተነፍሰው ተማሪ ኮሪደር ላይ ይዞኝ በአማርኛ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንዳንዴ ከሌክቸሬ ሁሉ ይበልጥ ነበር። «ነገ ክፍል ውስጥ ጠይቀኝ» ስለው፣ «ኧረ ቲቸር፣ ይስቁብኛል» ይላል።

የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ጮኸ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም ቋንቋ ላይ መደፍደፍ አልፈልግም። ግን ያ ሁሉ ልጅ ፊዚክሱንም ታሪኩንም የተጠየቀው በእንግሊዝኛ ነበር። ጥያቄው ገብቶት መልሱ የጠፋውን፣ ጥያቄው ራሱ ካልገባው በምን ለየነው?

ደግሞ ቋንቋን በምን ሁኔታ እንደተማርነው ቋንቋው ራሱ ያሳብቃል። ከቤይሩት የተመለሱ እህቶቻችንን ጠይቁ። ዐረብኛቸው የሚጀምረው በትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ «ታዒ» ነይ፣ «ጂቢ» አምጪ፣ «ያላ» ቶሎ በይ። ሰላምታው በኋላ ነው የሚመጣው። ከማእድ ቤት ሳይርቁ፣ የሰው ልጅ አባብለው፣ አሮጊት አስታመው፣ በር ላይ እንግዳ መልሰው፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የሰው አገር ቋንቋ ከነቅላጼው ይዘው ይገባሉ። ይህን የትኛው ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ይሰጣል? አገር ቤት ገብተው የሥራ ማመልከቻ ሲሞሉ ግን «የሚችሉት ቋንቋ» በሚለው ባዶ ቦታ «አማርኛ» ብለው ያልፉታል። ዐረብኛውን ለምን አልጻፍሽውም ያልኳት አንዲት ልጅ «እሱ የሥራ ነው እንጂ የትምህርት አይደል» አለችኝ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የግል ትምህርት ቤቶቻችን አሉ። አንዳንዶቹ ግቢያቸው ውስጥ አማርኛ የተናገረን ልጅ ይቀጣሉ፤ ወላጅን ጠርተው «ቤትም በእንግሊዝኛ አውሩት» ይላሉ። እናትየዋ ታዲያ ባላት ቃል ትገባበታለች፤ «ካም»፣ «ኢት»፣ «ስሊፕ»። የትእዛዝ አንቀጽ፣ እንደገና! በገዛ ቤቷ፣ ለገዛ ልጇ። ተረቱ፣ ቁልምጫው፣ ምርቃቱ በማታውቀው ቋንቋ ስለማይመጡላት ይቀራሉ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አስቧቸው። በ1860 ዓ.ም. ገና ሕፃን ሳሉ እንግሊዞች ከመቅደላ ወሰዷቸው፤ ህንድ አደጉ፣ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ፣ ሐኪም ሆኑ። ከአድዋ ድል በኋላ አገራቸው ሲገቡ ዘመድ ያወቃቸው በሰውነታቸው ጠባሳ ነው እንጂ በአንደበታቸው አይደለም። አማርኛው ጠፍቷቸው ነበር፤ እንደ ባዕድ ቋንቋ ከሥር ተማሩት። እሳቸውን ጦርነት ነው የነጠቃቸው። እኛ በየወሩ እየከፈልን እናስነጥቃለን።

ወደ ሽሮ ሜዳ ልመለስ። በክረምት ከውጭ የገባች እናት ቀሚስ ለምትለካ ልጇ ከሸማኔው ጋር ስታስተረጉም ታገኟታላችሁ፤ ያምራል፣ ይሳቃል፣ ፎቶ ይነሣል። በዚያው ሰፈር ጤና ጣቢያ ብትገቡ ደግሞ ልጅ ለእናቷ ታስተረጉማለች። ጎልምሳ ከጋሞ ደጋ የመጣች፣ ቤት ውስጥ ጥጥ ስትፈትል የምትውል እናት አማርኛዋ ለገበያ ይበቃል እንጂ ለሕመም አይበቃም። ስለዚህ የ10 ዓመት ልጇ ከትምህርት ቀርታ ትከተላታለች። እናት ያማትን በጋሞኛ ትናገራለች። ልጅቷ ስለ ማኅፀን የምትናገርበት አማርኛ የላትም፤ ቢኖራትም ሐኪም ፊት ታፍራለች፤ «ሆዷን ነው» ትላለች። ሐኪሙ «ሆዷን» የተባለውን በእንግሊዝኛ ካርዱ ላይ ይጽፋል። መድኃኒቱም የሚታዘዘው ለሆድ ነው። «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» የሚለውን ልጅቷ ወደ ጋሞኛ መልሳ ይዛ ትወጣለች።

ጉለሌ ውስጥ ጋሞኛና አማርኛ አጥርታ የምትናገር፣ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ወጣት ሞልታለች። ክፍለ ከተማው ከእነዚህ አምስት ስድስቱን በየጤና ጣቢያው በአስተርጓሚነት ልቅጠር ቢል በጀቱ አይናጋም። የቅጥር ማስታወቂያው ላይ ግን «እንግሊዝኛ መናገርና መጻፍ የምትችል» የምትለው የተለመደች መስመር እንዳትገባ አደራ፤ የምትፈለገዋ ልጅ እሷን ካነበበች ከሰሌዳው ሥር ነው የምትመለሰው።