ቫልቩን ከመቀየራችሁ በፊት

«ጋሼ፣ የትኛውን ቫልቭ ልግዛ?» አለኝ ልጁ፤ ወንድሙ ከዱባይ የላከለትን ትንሽ የቻይና ፕሪአምፕ ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠ። መዳፍ የምታህል፣ ሁለት ቫልቮች አናቷ ላይ የቆሙባት፣ በ12 ቮልት አዳፕተር የምትሠራ ዕቃ ናት። ቪዲዮ አይቶ ነው የመጣው። የቻይናውን 6ጄ1 ነቅለህ የአሜሪካውን 5654 ስትሰካበት ድምፁ ሌላ ይሆናል ብለውታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ወደ ቫልቩ የሚገባው ምን ያህል እንደሆነ፣ ከቫልቩ የሚወጣውስ ምን ላይ እንደሚያርፍ እንይ።

ከቫልቭ ቀያሪዎች ጋር ያለኝ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በሙያው የማከብረው አንድ ወዳጄ መሳቢያው ሙሉ ቫልቭ ነው፤ የሆላንድ፣ የእንግሊዝ፣ የሩሲያ። እያንዳንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጸባዩን ጽፎበት ያስቀምጣል። ይኼኛው ለድምፃዊ፣ ያኛው ለሳክስፎን ይላል። ልዩነት የለም አልልም። ነገር ግን 6ጄ1 የምትባለው ቫልቭ የ6ኤኬ5 ዘር ናት፤ 6ኤኬ5 ደግሞ በ2ኛው የዓለም ጦርነት ለራዳር መቀበያ የዋለች፣ ፕሌቷ ላይ 120 ቮልት፣ ሲበዛም እስከ 180 ቮልት እንድትችል ተደርጋ የተሠራች ናት። በእነዚህ ርካሽ ሳጥኖች ላይ ቴስተሬን ሳሳርፍ የማገኘው ግን ከ30 ቮልት ብዙም አይርቅም። በዚህ ቮልቴጅ የአሜሪካውም ሆነ የቻይናው እውነተኛ ጸባዩን አያወጣም።

ደግሞ ቫልቭ ሲቀየር ድምፁ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ጆሮ በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ «ከፍ አለ» አይለውም፤ «አማረ» ይለዋል። ስለዚህ ሁለት ቫልቭ ላወዳድር የሚል ሰው አስቀድሞ የ400 ኸርዝ ድምፅ ያጫውት፤ ቴስተሩን ስፒከሩ የሚሰካበት ላይ አድርጎ ንባቡን በሁለቱም ጊዜ እኩል ያድርገው፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ አይብለጥ። 400 የምለው ብዙ ርካሽ ቴስተር ከዚያ በላይ በትክክል ስለማያነብ ነው። ወዳጄ ይህን አንድም ጊዜ አላደረገም። ጆሮዬ ይበቃኛል ይላል። ስለ ቫልቭ ጣዕም በተነሳ ቁጥር ራስል ሃም እ.ኤ.አ. በ1973 በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ መጽሔት ያወጣውን ጽሑፍ የሚጠቅስም አይጠፋም። ጽሑፉ ግን የሚያወራው በስቱዲዮ ውስጥ ከአቅማቸው በላይ ስለተጫኑ የማይክሮፎን ፕሪአምፖች ነው። ሳሎን ውስጥ ቡና እየተጠጣ የሚደመጥ ዕቃ እዚያ ደረጃ አይደርስም።

ወደ ልጁ ዕቃ ልመለስ። ቅሬታው ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ፕሪአምፑን ካስገባ ወዲህ ቤዝ ጊታሩና ከበሮው እንደሳሱ ነገረኝ፤ ቫልቭ መቀየር ያሰበውም ለዚህ ነው። ከፈትነው። መውጫው ላይ የተበየደው ካፓሲተር 0.22 ማይክሮፋራድ ነው። አምፕሊፋየሩስ? ትራንዚስተር፣ መግቢያው 10 ኪሎኦም። እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ከ72 ኸርዝ ጀምሮ ወደ ታች ያለው ድምፅ እየቀነሰ ይሄዳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ 41 ኸርዝ ነው። ያ ካፓሲተር 47 ኪሎኦም ከሆነ አምፕሊፋየር ጋር ቢሰካ ኖሮ እስከ 15 ኸርዝ ድረስ በደህና ያሳልፍ ነበር። የዓለምን ውድ ቫልቭ ቢሰካበት ቤዙ አይመለስም ነበር። ነቅለን 2.2 ማይክሮፋራድ ፊልም ካፓሲተር በየድንበት፤ ወደ 7 ኸርዝ ወረደ። ካፓሲተሩ ሰፊ ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ አልገባም፤ በጎን አስተኝተን በሙጫ ያዝነው። ዋጋው ሊገዛው ካሰበው ቫልቭ ያንሳል።

ስለ መውጫ ካነሳሁ ይህንም ልጨምር። 12ኤዩ7 የውስጥ መቋቋሙ 7,700 ኦም አካባቢ ነው። ከፕሌቱ በቀጥታ ወጥቶ 10 ኪሎኦም ላይ ሲጫን ጉልበቱ ይባክናል፣ መዛባቱም ይጨምራል። ያው ቫልቭ ድምፁን በካቶዱ በኩል ሲያወጣ ግን መቋቋሙ ወደ ጥቂት መቶ ኦም ይወርዳል። ስለዚህ ርካሽ ፕሪአምፕ ልገዛ ነው ለሚለኝ የምነግረው የቫልቩን ስም አይደለም፤ መውጫው በካቶድ የሆነውን፣ ወይም ከቫልቩ ቀጥሎ ኦፕአምፕ ያለበትን ፈልግ እለዋለሁ። ኦፕአምፕ ሲባል የሚያኮርፉ አሉ። እኔ ግን ቫልቩን የማይችለው ሸክም ላይ ከመጣል ኦፕአምፕ ቢያግዘው እመርጣለሁ፤ በዚህ ማንም አሳምኖኝ አያውቅም።

መግቢያውም እንዲሁ ነው። የሲዲ ማጫወቻ 2 ቮልት ይሰጣል። አብዛኛው አምፕሊፋየር ሙሉ ጉልበቱን ለማውጣት 1 ቮልት ገደማ ይበቃዋል። መሃል ላይ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ቫልቭ ሲገባ ትርፉ ሁሉ በቮሊዩሙ ታንቆ ይቀራል። ቁልፉ ገና ከመነሻው ሳይርቅ ቤቱ ይናወጣል። ርካሽ ቮሊዩም ደግሞ ግራና ቀኙ እኩል የማይሆነው እዚያው መነሻው ላይ ስለሆነ፣ ዝግ አድርጎ ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው ድምፃዊው ወደ አንዱ ስፒከር ሲያዘነብል ይሰማዋል። መፍትሔው በየመግቢያው ሁለት ሬዚስተር ነው፤ 22 ኪሎኦም በመንገዱ ላይ፣ 10 ኪሎኦም ወደ መሬት። የሚገባው ድምፅ ወደ ሲሶው ይወርድና ቁልፉ መሃል ላይ መሥራት ይጀምራል።

ይህ ነገር ለእኔ ቀላል ያልሆነው ማዳመጥን የተማርኩት ዝግ ባለ ድምፅ ስለሆነ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በሰዓት እላፊ፣ አባቴ የፊሊፕስ ራዲዮኑን ጎረቤት በማይሰማው ልክ ከፍቶ የጀርመን ድምፅን ያዳምጥ ነበር። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ጣቢያው በተያዘ ቁጥር የምትጠበውን አረንጓዴ ዓይን አያለሁ። ወሬው ሲያልቅ ሸክላ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 አምሐ እሸቴ ያሳተማቸው ትንንሾቹ ሸክላዎች ቤታችን ነበሩ። የዓለማየሁ እሸቴን ጉሮሮ፣ ከኋላው የሚገባውን የሳክስፎን እስትንፋስ የለየሁት በሹክሹክታ ልክ ነው። ዛሬም አንድ ስቴሪዮ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምፈትነው ዝግ አድርጌ ነው። በዚያ ልክ ቃሉ ካልተለየ፣ ሲጮህ የሚያምረው ነገር አያታልለኝም።

በአዳፕተሩም ጉዳይ ከብዙዎች እለያለሁ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ከዕቃው ጋር የሚመጣውን አዳፕተር ጥለህ ባለ ትራንስፎርመር ኃይል ሰጪ ሥራ ይላሉ። የእነሱ መብራት የተረጋጋ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ምሽት ላይ 220ው ወደ 180 ሲወርድ፣ ተራ ትራንስፎርመርም አብሮ ይወርዳል፤ 6.3 ቮልት ይሰጠው የነበረ የቫልቭ ማሞቂያ ከ5.2 በታች ይሆናል፤ ካቶዱ ይቀዘቅዛል፤ ድምፁ ይደነዝዛል። ያ የተናቀ አዳፕተር ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ቢሰጡት 12ቱን አይለቅም። ጫጫታ ካለው ማጣሪያ ይደረግለት እንጂ አይጣል። ከቫልቩ ሥር የምትበራውን ብርቱካናማ ኤልኢዲ ግን ብትነቅሏት አልቃወምም፤ የቫልቩን የራሱን ፍም ትሸፍናለች።

ሥራውን ያስተማሩኝ አዛውንት ብልሽት የሚፈልጉት በጠመንጃ መፍቻ (ካቻቢቴ) ጫፍ ነበር። ከመጨረሻው ቫልቭ ይጀምሩና የየቫልቩን ግሪድ ነካ እያደረጉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ስፒከሩ እምም ካለ እስከዚያ ድረስ ደህና ነው፤ ዝም ያለበት ቦታ ሕመሙ አለ። ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ፕሌቱ ላይ 250 ቮልት አለና ሁለት እጅ ያስገባ ሰው ልቡን አሳልፎ ይሰጣል። እኔ ይህን ዘዴ በእጄ እንድሞክር የፈቀዱልኝ ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ ነው።

የእነዚህ ትንንሽ ፕሪአምፖች ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ያ ያማረርኩበት 30 ቮልት ጀማሪን አይገድልም። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ግሪድ እየነካ፣ የቱ እንደሚያጎላ፣ የቱ እንደሚያሳልፍ በጆሮው እየለየ ነው። ቫልቮቹ እስካሁን የቻይናዎቹ ናቸው። ባለፈው ሳምንት የአባቴን ፊሊፕስ እንክፈተው አለኝ። መጀመሪያ የኃይል ሰጪ ካፓሲተር እንዴት እንደሚራገፍ፣ መራገፉም በቴስተር እንዴት እንደሚረጋገጥ ሠርተህ አሳየኝ አልኩት። የሚለማመድበት አሮጌ ሻሲ አዘጋጅቼለታለሁ።