«አፈር ስሆን»፦ ማሰሪያው ለሰሚው የቀረ ዐረፍተ ነገር

በማዕድ ዙሪያ «በቃኝ» ያለውን እንግዳ ለማሸነፍ፥ በዕርቅ ጉባኤ ልቡ የደነደነውን ባለ ቂም ለማራራት፥ ከደጅ ቆሞ «እቸኩላለሁ፥ አልገባም» የሚለውን ዘመድ ወደ ቤት ለመሳብ በየዕለቱ ከአፋችን የማይለየው «አፈር ስሆን» የሚለው ቃል፥ ሁሉ የሚናገረውና ሁሉ የሚረዳው ሲሆን፥ አንቀጹን ፈትቶ ለሚመረምረው ግን ብርቱ ምሥጢር ያለው ሆኖ ይገኛል።

ብዙ ሰው ይህን ቃል ከ«በሞቴ» ጋር አንድ አድርጎ ይተረጕመዋል፤ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ስለሚነገሩም አያስደንቅም። ይሁን እንጂ «በሞቴ» መሐላ ነው፤ ወገኑም ከ«እናቴ ትሙት» እና በነገሥታቱ ዘመን «ምኒልክ ይሙት» ይባል ከነበረው ነውና፥ ተናጋሪው የሚሳሳለትን ነፍስ እንደ መያዣ ያቀርብበታል። «አፈር ስሆን» የሚለው ሰው ግን የሚያስይዘው አንዳች ነገር የለውም፤ ስለዚህ ቃሉ በእኔ አስተያየት መሐላ ሳይሆን ምልጃ ነው።

ለዚህ ምስክሩ «ስ» የምትባለው ፊደል ናት። «ስሄድ አገኘኝ» ባልን ጊዜ ጊዜን ታመለክታለች፤ «ታናሽ ስሆን አከበረኝ» ባልን ጊዜ ግን «ታናሽ ሆኜ ሳለሁ» ማለት ናት። በፊተኛው መንገድ ከሄድን ቃሉ «ሞቼ አፈር በምሆንበት ቀን» የሚል ይሆናል፤ በኋለኛው ከሄድን ደግሞ «እኔ አፈር ሆኜ ሳለሁ እለምንሃለሁ» የሚል ትሕትና ይሆናል፤ እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። አበ ብዙኃን አብርሃም ስለ ሰዶም ሲማልድ፥ የጻድቃኑን ቍጥር ከ50 እስከ 10 እያወረደ በሚለምንበት በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18፥ ራሱን አፈርና አመድ ብሎ የጠራው የሚሞትበትን ቀን አስቦ ሳይሆን በማን ፊት እንደ ቆመ ዐውቆ ነው። የዕብራይስጡ ቃል «ዓፋር» ሲሆን ሥሩ ከእኛው «አፈር» ጋር አንድ ነው፤ በምዕራፍ 3 አዳም በተፈረደበት ስፍራም ይኸው ቃል ይገኛል፤ ካህናቱ በቀብር ላይ በግዕዝ «መሬት» ሲሉ፥ እመቤቲቱ በጓዳዋ ሳታውቀው የዕብራይስጡን ዘመድ ትናገራለች።

የአገራችን ሥርዐትም ይህንኑ በአካል ይገልጥ ነበር፤ ለማኝ መሬት ስሞ ይነሣል፥ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም በ1870 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ ሲገብሩ ድንጋይ ተሸክመው እንደ ቀረቡ ተጽፏል። «አፈር ስሆን» የሚል ሰው ድንጋዩን በቃል ተሸከመ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካኝ ግን ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው መሆኑ ነው። ሴት አያቴ በፋሲካ ማለዳ የዶሮውን ወጥ በእንጀራ ጠቅልለው፥ መረቁ እንዳይንጠባጠብ ግራ እጃቸውን ከሥር ዘርግተው፥ «አፈር ስሆን፥ የኔ ልጅ፥ ይችን ብቻ!» ሲሉ፥ ጉርሻው በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ዐረፍተ ነገሩም አብሮት ይንጠለጠል ነበር። «ጠግቤአለሁ» ብዬ ፊቴን ባዞር እጃቸው ከስፍራው አይነቃነቅም፤ ማሰሪያው የሚገኘው እኔ አፌን ስከፍት ነበር።