የታደሰ ኪቦርድ በንጣቱ አይመዘንም

የታደሰ አሮጌ ኪቦርድ ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ንጣቱን ነው። ቢጫነቱ ለቆ አዲስ ከመሰለ "ጥሩ ተሠርቷል" ይባላል። እኔ በዚህ መለኪያ አልስማማም። ቀለም ከእድሳት ሥራ ሁሉ ቀላሉ፣ ቶሎ የሚመለሰውም እሱ ነው። የሥራው ጥራት የሚታወቀው ሽፋኑ ሲነሳ ነው። ሠሪው ማንም በማያየው ቦታ ምን አደረገ? ነገ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ሳይሰብር ሊፈታው ይችላል? አሮጌ ኪቦርድ ስመለከት የምይዘው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው። ጥያቄዎቹን ለማሳየት ደግሞ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከሠራቸው ከሞዴል ኤፍ እና ከሞዴል ኤም የተሻለ አላውቅም። ዕድሜያቸውም ጉዳታቸውም በግልጽ የሚነበብ ዕቃዎች ናቸውና።

ሞላው እና ድምፁ

ሞዴል ኤፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ። ከመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ጋር የመጣው 83 ቁልፎች ነበሩት። በ1984 ከፒሲ ኤቲ ጋር የመጣው ደግሞ 84 አለው። ሞዴል ኤም በ1985 ተከተለ። 101 ቁልፍ ያለው አደራደሩ፣ ማለትም ፊደላቱ በግራ፣ ቀስቶቹ በመሐል፣ ቁጥሮቹ በቀኝ የሆኑበት፣ ዛሬ በየቢሮው የምናየው የሙሉ ኪቦርድ መሠረት ሆኖ ቀርቷል።

ሁለቱም የሚሠሩት ሪቻርድ ሃንተር ሃሪስ ለአይቢኤም በፈለሰፈው ዘዴ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር፣ በጠባብ ቱቦ ውስጥ፣ አንድ ቀጭን ሞላ ቆሟል። ቁልፉ ሲጫን ሞላው ይጨመቃል፤ ከአንድ ነጥብ በኋላ መቋቋም ሲያቅተው በድንገት ወደ ጎን ይታጠፋል። ሲታጠፍ ከግርጌው ያለችውን ትንሽ መዶሻ ያዘነብላታል። በሞዴል ኤፍ መዶሻዋ በሰርኪት ቦርድ ላይ ተንቀሳቅሳ የኤሌክትሪክ ክምችት አቅሙን (ካፓሲታንሱን) ትለውጣለች። በሞዴል ኤም ደግሞ ስስ የፕላስቲክ ንጣፎችን ተጭና ታገናኛለች። "ቀጭ" የሚለው ድምፅ የሚወጣውም ፊደሉ የሚመዘገበውም ሞላው በታጠፈበት በዚያው ቅጽበት ነው።

በሌሎች ብዙ ቁልፎች ድምፁን የሚያወጣው ክፍልና ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ክፍል የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ጤነኛ ሊመስል ይችላል። እዚህ ግን ሁለቱንም የሚያስነሳው ያው አንዱ የሞላ መታጠፍ ነው። ስለዚህ የሚያዳምጥ ሰው ብዙ ነገር ሳይፈታ ማወቅ ይችላል።

ከመግዛት በፊት፦ ጀርባውን አንብቡ

ኪቦርዱን ገልብጡት። የሞዴል ኤም ጀርባ ላይ የክፍል ቁጥሩን፣ መለያ ቁጥሩንና የተመረተበትን ቀን የያዘ ወረቀት ተለጥፎ ታገኛላችሁ። 1390131 ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን ከፊት ጥግ ላይ ባለ አራት ማዕዘን የብር ቀለም አርማ ይታይበታል። 1391401 በብዛት የተሠራው ነው። 1391472 ደግሞ የቁጥር ክፍሉ ተቀንሶለት ያጠረው ስለሆነ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። ከአሜሪካ ኬንታኪ ሌክሲንግተን፣ ከስኮትላንድም ግሪኖክ የወጡ ይገኛሉ። በ1991 ሌክስማርክ ከአይቢኤም ተለይቶ ሥራውን ቀጠለ። በ1996 ሌክስማርክ ሲያቆም የቀድሞ ሠራተኞች እዚያው ሌክሲንግተን ዩኒኮምፕን መሠረቱ። ዩኒኮምፕ ተመሳሳይ ኪቦርድ ስለሚሠራ የተሰበረ የቁልፍ ክዳን ተተኪ ማግኘት ይቻላል፤ ለአዳሽ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ወረቀቱ የዕቃው የልደት ማስረጃ ነው። ሽፋኑን ሲያጥብ ወረቀቱን ያበላሸ ወይም ልጦ የጣለ አዳሽ ሌላውም ሥራው ያጠራጥረኛል። ጠንቃቃ ሠሪ ከማጠቡ በፊት ወረቀቱን ይሸፍነዋል።

ቀጥሎ አንድ የቁልፍ ክዳን አንሡ። ከሥሩ ቱቦና ሞላ መታየት አለበት። መልካቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ከውስጥ ሞላ ሳይሆን ጎማ ያለባቸው የአይቢኤም ኪቦርዶችም ተመርተዋል። ለቢሮ ሥራ መጥፎ አይደሉም፤ የሞላውን ዋጋ ግን አይከፈልባቸውም።

ከዚያ ክብደቱን ተመልከቱ። ሙሉው ሞዴል ኤም ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ ምክንያቱም ከቁልፎቹ ሥር የተቀመጠ የብረት ላሜራ አለ። ላሜራው ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎበጥ ያለ ነው። ጣት ከረድፍ ወደ ረድፍ ሲሄድ የሚሰማው ምቹ አቀማመጥ ከዚህ ጉብጠት የሚመጣ ነው።

ፍለጋው የት ይሁን? እነዚህ ኪቦርዶች የቢሮ ዕቃዎች ስለነበሩ ዛሬም የሚገኙት ቢሮ ዕቃውን በሚጥልበት ቦታ ነው፦ አሮጌ ኮምፒውተር በሚሰበስቡና በሚበትኑ ድርጅቶች፣ በፋብሪካ መጋዘን፣ ለዓመታት ባልተከፈተ ቁም ሣጥን። መሰኪያው ከዛሬ ኮምፒውተር ጋር ስለማይገጥም ብዙ ሻጭ የተበላሸ ይመስለዋል። በተለይ ከትላልቅ የአይቢኤም ኮምፒውተሮች ተርሚናል ጋር ይሠሩ የነበሩት ባለ 122 ቁልፎች በዚህ ምክንያት ችላ ተብለው ይቀመጣሉ። ተስማሚ መቀየሪያ ካለ ግን ይሠራሉ።

ጆሮ ምን ይሰማል?

ገበያ ላይ ምጣድ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ስንጥቅ መኖሩን በድምፁ እንደሚለይ፣ ኪቦርድም እንዲሁ ይፈተሻል። እያንዳንዱን ቁልፍ በየተራ፣ በዝግታ፣ እስከ መጨረሻው ተጫኑ። ጥሩ የሆነው በሁሉም ቁልፍ ላይ ተቀራራቢ "ቀጭ" ይሰጣል። ረጅሙ የክፍተት ቁልፍ የተለየ ድምፅ ቢኖረው የተፈጥሮው ነው።

ቁልፉ ለስለስ ብሎ ወርዶ ድምፅ ካልሰጠ ሞላው በቦታው አልተቀመጠም፣ ወይም ተጣሟል። ይህ በደቂቃዎች የሚስተካከል ነው። ክዳኑ ይነሳል፣ ኪቦርዱ ሞላዎቹ በቱቦው መሐል እንዲቆሙ ተደርጎ ይያዛል፣ ክዳኑ ቀጥ ተደርጎ ይመለሳል። ድምፅ እየሰጠ ፊደል ካልጻፈ ግን ችግሩ ወደ ታች ወርዷል፤ ብዙውን ጊዜ ፈሳሽ ገብቶ በስሱ ንጣፍ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር በልቶታል። አንድ አካባቢ ያሉ ቁልፎች በሙሉ ደብዘዝ ያለ ድምፅ ሲሰጡ ደግሞ ምርመራው ቀጥለን ወደምናያቸው የፕላስቲክ ችንካሮች ይሄዳል።

የሞዴል ኤም ደካማ ጎን

በሞዴል ኤም ቱቦዎቹን የያዘው ፕላስቲክ፣ ስሱ ንጣፍና የብረቱ ላሜራ የተያያዙት በብሎን አይደለም። ከፕላስቲኩ የወጡ ትናንሽ ዘንጎች በላሜራው ቀዳዳ አልፈው ጫፋቸው በሙቀት ተደፍጥጦ ችንካር ሆነዋል። ለፋብሪካ ፈጣንና ርካሽ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ግን ፕላስቲኩ ይደርቅና ችንካሮቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። ኪቦርዱን ቀስ ብላችሁ ስታዘነብሉት ከውስጥ ጠጠር የሚመስል ነገር ሲንከባለል ከሰማችሁ እነሱ ናቸው። ጥቂት ቢረግፉ ኪቦርዱ ይሠራል። ሲበዙ ላሜራውና ፕላስቲኩ ይለያያሉ፣ መዶሻዋ ንጣፉን በእኩል ኃይል አትጫንም፣ ድምፁም ስሜቱም ይሞታል።

የእድሳቱ ዋና ሥራ እዚህ ነው፤ ጥሩና መጥፎ ሠሪም የሚለዩት እዚህ ነው። ሽፋኑ የሚከፈተው ቀጭን አፍ ባለው የ5.5 ሚሊ ሜትር መፍቻ ሲሆን አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ከዚያ ክዳኖቹ ይነሳሉ፣ የቀሩት የችንካር ራሶች ይቆረጣሉ፣ ክፍሎቹ ይለያያሉ፣ ሁሉም ይጸዳል። በየችንካሩ ቦታ በ1.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይበሳና በ2 ሚሊ ሜትር ብሎንና ዳዶ ይታሰራል። አሰልቺና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። መሰርሰሪያው ትንሽ ቢያጋድል የቱቦውን ግድግዳ ይበሳል። ብሎኑ ከመጠን በላይ ቢጠብቅ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ ቢላላ እድሳቱ ከንቱ ነው።

አቋራጭ የሚፈልግ ሠሪ ላሜራውን በሙጫ ያጣብቃል። ለገዢው በመጀመሪያው ሳምንት ልዩነቱ ላይታየው ይችላል። ንጣፉ ሲበላሽ ግን ያንን ኪቦርድ ሳይሰብር የሚከፍት የለም። ስለዚህ ሻጩን የውስጡን ፎቶ ጠይቁት፤ ከሥራው በፊትና በኋላ። ብሎኖቹ በእኩል ርቀት፣ ቀጥ ብለው፣ በጠርዞቹም ጭምር ከታዩ ሰውየው ሥራውን ያከብራል። ፎቶ የለኝም የሚል አዳሽ የሠራውን ሥራ ሳይሆን የሸፈነውን ሽፋን እየሸጠ ነው።

የሞዴል ኤፍ ጉዳት ሌላ ነው

ሞዴል ኤፍ የፕላስቲክ ችንካር የለውም። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ የተለያዩ ሲሆኑ ሁለት የብረት ላሜራዎች ከላይና ከታች ጨብጠው ይይዟቸዋል። በመሐል ግን ስፖንጅ አለ፤ ስፖንጁ ከጊዜ ብዛት ይበሰብሳል። ሲነካ ዱቄት ይሆናል፤ እርጥበት ይዞ ላሜራውን ሲያዝገውም ይታያል። እውነተኛ እድሳት ላሜራዎቹን ፈትቶ፣ የበሰበሰውን ጠርጎ፣ ዝገቱን አንሥቶ፣ ለቱቦዎቹ ቀዳዳ የተበሳለት አዲስ ስፖንጅ ማስገባት ነው። የስፖንጁ ውፍረት ወሳኝ ነው። ሲሳሳ ቱቦዎቹ ይወዛወዛሉ፤ ሲወፍር ላሜራዎቹ በግድ ይዘጋሉ፣ ቁልፎቹም በትክክል አይቀመጡም። ቱቦውን በጣታችሁ ስታንቀሳቅሱት ጸንቶ ከቆመ መጠኑ ልክ ነው።

የሞዴል ኤፍ ሌላ ብልጫ እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው ማንበቡ ነው፤ ብዙ ቁልፍ በአንድ ላይ ቢጫን አንዱም አይጠፋም። በሞዴል ኤም ከሁለት በላይ ሲሆኑ አንዳንድ ጥምረት አይነበብም፤ ይህ የአሠራሩ ወሰን ስለሆነ በሠሪው ላይ አይፈረድም።

ለአማርኛ ጸሐፊ

በላቲን ቁልፎች እየተየበ አማርኛ የሚጽፍ ሰው የቁልፍን ታማኝነት ከማንም በላይ ይፈልጋል። አንዱ ፊደል ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሁለት ምት ነው፦ ተነባቢው፣ ከዚያም አናባቢው። አናባቢው ሳይመዘገብ ከቀረ "ሰ" የነበረው "ስ" ሆኖ ይቀራል፣ ቃሉም ይለወጣል። አንዱ ምት ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ ደግሞ ያላሰቡት ፊደል ይመጣል። የሞላው ምት ለጣትም ለጆሮም በአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ስለሚሰጥ ጸሐፊው ዓይኑን ከጽሑፉ ሳያነሳ መቀጠል ይችላል። ስለዚህ የታደሰን ኪቦርድ ስትፈትኑ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አይበቃም፤ አንድ ገጽ አማርኛ ጻፉበትና የጎደለና የተደገመ አናባቢ ፈልጉ። ሞዴል ኤም የዊንዶውስ ቁልፍ ባይኖረውም ቋንቋ መለወጫው አልት እና ሺፍት ስላሉት ችግር አይሆንም።

ንጽሕና እና ቀለም

የሞዴል ኤም የቁልፍ ክዳኖች የተሠሩት ፒቢቲ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ፊደሉ ላዩ ላይ አልታተመም፤ ቀለሙ በሙቀት ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጓል። ስለዚህ ሳይለቅ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ለብ ያለ ውኃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃቸዋል። ከመመለሳቸው በፊት ፈጽመው መድረቅ አለባቸው። የታደሰ ኪቦርድ ሲገዛ ክዳን አንሥቶ ውስጡን ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከላይ የተወለወለ ከሥር ግን ፀጉርና ፍርፋሪ የሞላበት ብዙ ነው።

የሽፋን ቢጫነት ፕላስቲኩ በብርሃንና በሙቀት ከማርጀቱ የሚመጣ ነው። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብቶ በፀሐይ ወይም በአልትራቫዮሌት መብራት ማንጣት ይቻላል። ፈሳሹ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ያለ ጥንቃቄ ሲሠራ ደመና የመሰለ ዝንጉርጉር ይተዋል፤ በጥንቃቄ ተሠርቶም ቢጫው ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል። ያረጀውን ፕላስቲክ ደግሞ አያጠነክረውም። በልኩ ቢጫ የሆነ፣ ወጥ የሆነ ሽፋን ለእኔ ጉድለት አይደለም።

መቀየሪያው

ከአሮጌው መሰኪያ ወደ ዩኤስቢ ለመድረስ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይሸጣል። አንዱ ሽቦ ከሽቦ የሚያገናኝ ብቻ ነው፤ ለሞዴል ኤም አይሠራም፣ ኪቦርዱ የዩኤስቢን ቋንቋ አያውቅምና። የሚያስፈልገው በውስጡ ቺፕ ኖሮት የሚተረጉም መቀየሪያ ነው፤ ኪቦርዱ የሚፈልገውን ኃይልም ማቅረብ የሚችል መሆን አለበት። የኮምፒውተሩ አሮጌ ክብ መሰኪያ የሚያገለግል ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ብቻ ሰኩት። ገመዱን ቆርጦ ዩኤስቢ የበየደ ሠሪ ሊመለስ የማይችል ነገር አድርጓል፤ መቀየሪያውን ከውጭ ያደረገ ግን ዕቃውን እንደነበረ ጠብቆታል።

ፍርዱ

ሁለት ኪቦርድ ከፊታችሁ ቢቀርብ፣ አንዱ እንደ አዲስ ነጥቶ የውስጡ ነገር የማይታወቅ፣ ሌላው ቢጫ ሆኖ ላሜራው በብሎን የታሰረ፣ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር አንድ የሆነ፣ የጀርባው ወረቀት ያልተነካ፣ ሁለተኛውን ያለ ማመንታት ውሰዱ፤ ዋጋው ቢበልጥም ተገቢ ነው። ነጩን የፈለገ ሰው ቢጫውን በሌላ ቀን ማንጣት ይችላል። በሙጫ የተጣበቀውን ግን ማንም መልሶ አይፈታውም።